ታብሌቱ ሲዞር ቪዲዮው እንዳይቋረጥ፦ ሙሉ ስክሪን የሚያሳይ የአንድሮይድ አፕ እንዴት ይሠራል?

ለታብሌት የትምህርት ቪዲዮ አፕ ስሠራ ሦስት ሳምንት የበላኝ ማጫወቱ አልነበረም፣ ስክሪኑ ሲዞር የሚመጣው ጣጣ ነው። ተማሪው የ40 ደቂቃ ትምህርት አጋምሶ ታብሌቱን ከቁም ወደ አግድም ሲያዞረው ቪዲዮው ከዜሮ ይጀምራል። ቤት በዋይፋይ ስሞክረው ብዙም አልከበደኝም። በሞባይል ዳታ የሚያይ ሰው ግን ያየውን ክፍል እንደገና ያወርዳል፣ ከፓኬጁም ሁለቴ ይቆረጥበታል። ይህን ሳስብ ነው ሌላውን ሥራ ሁሉ አቁሜ እዚህ ላይ የተቀመጥኩት።

የምጽፈው በኮትሊን (የአንድሮይድ አፕ በሚጻፍበት ቋንቋ) ለሚሠሩ፣ ማጫወቻቸውም ሚዲያ3 ከሚባለው የጉግል ላይብረሪ የሚመጣው ኤክሶፕሌየር ለሆነ ነው።

1. መጀመሪያ አንድ ቪዲዮ ይጫወትላችሁ

ላይብረሪውን አስገቡ፣ ሊንኩን ስጡት፣ ይጫወት። ይህን አልዘረዝርም።

2. ማጫወቻውን ከአክቲቪቲው አውጡት

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ስክሪን ሲዞር አንድሮይድ አክቲቪቲውን፣ ማለትም የአፑን ገጽ የሚይዘውን ክፍል፣ አፍርሶ እንደ አዲስ ይሠራዋል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ለአግድም የተለየ ሌይአውት አዘጋጅታችሁ ከሆነ እሱን ለማንሳት ነው። ችግሩ ማጫወቻው የተፈጠረው አክቲቪቲው ውስጥ ከሆነ አብሮ መሄዱ ነው። ቀድሞ ያወረደውም አብሮ ይጠፋል። ኤክሶፕሌየር በነባሪ ቅንብሩ ወደ 50 ሰከንድ የሚጠጋ ቪዲዮ አስቀድሞ ይይዛል፣ ስለዚህ በእያንዳንዱ መዞር ያን ሁሉ ትጥሉታላችሁ ማለት ነው።

እኔ መጀመሪያ የሞከርኩት አቋራጩን ነው፦ ቪዲዮው የደረሰበትን ሰዓት መዝግቦ፣ ከተዞረ በኋላ እዚያው ላይ ማስጀመር። ከዜሮ መጀመሩ ቀረ፣ ጥቁር ስክሪኑና ማውረዱ ግን አልቀረም። ይህን አቋራጭ ብቻውን አትመኑት።

የሚሠራው ማጫወቻውን ቪውሞዴል (የገጹን መረጃ ከአክቲቪቲው ለይቶ የሚይዝ ክፍል) ውስጥ መፍጠር ነው። ቪውሞዴል ስክሪን ሲዞር አይፈርስም። አክቲቪቲው አዲስ ሲሠራ ያንኑ ማጫወቻ አንስቶ ከአዲሱ ፕሌየርቪው (ቪዲዮውን ስክሪን ላይ ከሚያሳየው ክፍል) ጋር ያገናኘዋል፣ አሮጌው ፕሌየርቪው ደግሞ ማጫወቻውን መልቀቅ አለበት፣ ማለትም የአሮጌውን ፕሌየርቪው ፕሌየር ነል (ባዶ) አድርጉት። ካልለቀቀ የፈረሰው ስክሪን ሜሞሪ ይዞ ይቀራል። ማጫወቻውን ሪሊስ የምታደርጉት (ጨርሳችሁ የምትዘጉት) ቪውሞዴሉ ሲያበቃ በሚጠራው ኦንክሊርድ ውስጥ ብቻ ነው። ቪውሞዴሉ ውስጥ አክቲቪቲውንም ሆነ ቪውውን አታስቀምጡ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ሁለት ቀን የፈጀብኝ። ሰው ከአፑ ሲወጣ ቪዲዮው እንዲቆም ኦንስቶፕ (አክቲቪቲው ከዕይታ ሲወጣ የሚጠራው) ውስጥ ፖዝ ታደርጋላችሁ። ስክሪን ሲዞርም ኦንስቶፕ ይጠራል! ስለዚህ ፖዝ ከማድረጋችሁ በፊት ኢዝቼንጂንግኮንፊገሬሽንስ የሚለውን ጠይቁት፤ ትሩ ካለ መዞር ነው፣ አትንኩት።

የደረሰበትን ሰዓት መመዝገብም አይቅር። አፑ ከበስተጀርባ ሆኖ ሲስተሙ ሜሞሪ አጥሮት ከዘጋው ቪውሞዴሉም ይሞታል፣ ያኔ ሴቭድስቴትሃንድል (አፑ በሲስተሙ ቢዘጋም ትንሽ መረጃ የሚያቆይ ማስቀመጫ) ውስጥ ያስቀመጣችሁት ሰዓት ይጠቅማችኋል።

አንዳንዱ ይህን ሁሉ ትቶ ማኒፌስት (የአፑ መግለጫ ፋይል) ላይ ኮንፊግቼንጅስ ጽፎ አክቲቪቲው ጭራሹን እንዳይፈርስ ያደርጋል። ለቪዲዮ ገጽ መጥፎ አይደለም። ነገር ግን ኦሪየንቴሽን (አቅጣጫ) ብቻ አትጻፉ፤ ከአንድሮይድ 3.2 ጀምሮ ስክሪን ሲዞር ስክሪንሳይዝም ይቀየራል፣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ታብሌት ላይ ስክሪን ለሁለት የሚከፍል ሰው ስላለ ስሞለስትስክሪንሳይዝ እና ስክሪንሌይአውትም ይጨመሩ።

3. ሙሉ ስክሪንን ከአቅጣጫ ለዩ

ስልክ ላይ የለመድነው፣ ሙሉ ስክሪን ሲከፈት በግድ አግድም፣ ሲዘጋ በግድ ቁም ማድረግ ነው። እኔም እንዳለ ወደ ታብሌት ወሰድኩት። ለሙከራ የሰጠኋቸው አንዲት መምህርት ታብሌታቸውን ኪቦርድ ባለው ሽፋን ጠረጴዛ ላይ አቁመው ነበር የሚያዩት። ቪዲዮውን ዘግተው ሲመለሱ አፑ በሙሉ በጎኑ ተጋድሞ ጠበቃቸው። ታብሌቱ ከሽፋኑ ካልወጣ በቀር ማንበብ አይቻልም። ያን ቀን በጣም አፈርኩ፣ ኮዱንም በሙሉ ሰረዝኩት።

ስለዚህ «ሙሉ ስክሪን ነው ወይስ አይደለም» የሚለው ቪውሞዴል ውስጥ ራሱን የቻለ መረጃ ይሁን። አቅጣጫውን ለተጠቃሚው ተዉለት። የግድ አግድም ማድረግ ካለባችሁ ከሴንሰርላንድስኬፕ ይልቅ ዩዘርላንድስኬፕ ይሻላል፤ የመጀመሪያው ሰውየው መዞሩን ቢቆልፈውም አይሰማም። ሲዘጋ ወደ አንስፔሲፋይድ (አቅጣጫውን ሲስተሙ እንዲወስን) መልሱት፣ ወደ ቁም አይደለም። ደግሞም አንድሮይድ 16ን ታርጌት ያደረገ አፕ፣ አጭር ጎኑ 600 ዲፒ (የአንድሮይድ የስክሪን መለኪያ) እና ከዚያ በላይ በሆነ ስክሪን ላይ አቅጣጫ ቢቆልፍ፣ ጌም ካልሆነ በቀር ሲስተሙ በነባሪው ችላ ይለዋል። በመቆለፍ ላይ የተሠራ አፕ ዕድሜው አጭር ነው።

አቅጣጫን በዲግሪ አትለኩ። ብዙ ታብሌቶች ዜሮ ዲግሪ የሚሉት አግድሙን ነው። የዊንዶውን ስፋትና ቁመት አወዳድሩ፣ በቃ።

4. የቀረው

የላይና የታች ባሮችን በዊንዶውኢንሴትስኮንትሮለር ደብቁ፣ ከመዞር በኋላም እንደገና ደብቁ። የድሮዎቹ ሲስተምዩአይ ፍላጎች ከአንድሮይድ 11 ጀምሮ የማይመከሩ ሆነዋል።

የፕሌየርቪው ሪሳይዝሞድ «fit» ይሁን፣ ማለትም ቪዲዮው ሳይለጠጥ ስክሪኑ ውስጥ ይግባ። 1280 በ800 የሆነ ታብሌት ላይ የ16፡9 ቪዲዮ በአግድም 720 ፒክስል ከፍታ ይይዛል፣ ላይና ታች 40 ፒክስል ጥቁር ይቀራል። ይቅር፤ የሰው ፊት ከሚለጠጥ ይሻላል።

5. ሞክሩት

ኢሙሌተር ብቻ አይበቃም። እውነተኛ ታብሌት ላይ፣ በሞባይል ዳታ፣ ቪዲዮው እየተጫወተ አሥር ጊዜ አዙሩት። ፖዝ ላይ እያለም አዙሩት፣ ራሱ መጫወት እንዳይጀምር። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አፑ የበላውን ዳታ ከሙከራው በፊትና በኋላ አወዳድሩ። ካያችሁት ክፍል መጠን በጣም ከበለጠ፣ ማጫወቻው አሁንም የሆነ ቦታ እንደ አዲስ እየተፈጠረ ነውና ወደ ቁጥር 2 ተመለሱ።