ዞቴሮ ስም ሲገለብጥ፦ ችግርና መፍትሄ

የጥናት ምንጮችን መዝግቦ ጥቅስና የማጣቀሻ ዝርዝር የሚያወጣው ፕሮግራም፣ ዞቴሮ፣ ተጭኖላችሁ፣ ዎርድ ላይም ሜኑው ወጥቶ ከሆነ የሚከተለው ለእናንተ ነው።

ጎትታችሁ ያስገባችሁት ፒዲኤፍ ርዕስም ደራሲም ካላወጣ፣ ፋይሉ በስካነር የተነሣ ምስል ሊሆን ይችላል፤ ዞቴሮ የሚያነበው ጽሑፍ የለውም። በ10 የሚጀምረውን የዲኦአይ ቁጥር (የጽሑፉን ቋሚ መለያ) ፈልጉና በአስማት ዘንግ ምልክቱ በኩል አስገቡት። አላገኘሁም ካለ፣ ቁጥሩ ከመስመር ወደ መስመር ሲሻገር መሀሉ ላይ ክፍተት ገብቶበት እንዳይሆን እዩ።

ከብራውዘር ስታስቀምጡ የጥናት ጽሑፉን እንደ ተራ ድረ ገጽ ከመዘገበው፣ ብዙ ጊዜ ገጹ ተከፍቶ ሳያልቅ ተቻኩላችኋል። ገጹን አድሳችሁ ድገሙት።

አሁን ወደማያልቀው ጣጣ። በማጣቀሻ ዝርዝሩ ላይ የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ «ዘውዴ፣ ባ.» ተብለው ከላቲን ፊደል መጨረሻ ይሰለፋሉ። ታደሰ ታምራትም «ታምራት፣ ታ.» ይሆናሉ። አማካሪው ረቂቁን በቀይ እስክሪብቶ አዥጎርጉሮ ይመልሳል፤ ተማሪው ደግሞ «ዞቴሮ ተበላሸብኝ» ብሎ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ይመጣል።

አልተበላሸም። ዲኦአይ ስትሰጡት መረጃውን አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው አሳታሚዎች ዲኦአይ ከሚያስመዘግቡበት ድርጅት፣ ከክሮስሬፍ፣ ነው፤ ክሮስሬፍም የሚሰጠው አሳታሚው ያስመዘገበውን ነው። መመዝገቢያው የግል ስምና የቤተሰብ ስም ለይቶ ይጠይቃል። የቤተሰብ ስም የሌለን እኛ የአባታችንን እንሞላለን፤ አንዳንዱ አሳታሚ ገልብጦ ያስገባል፤ ሦስት ስም የጻፈ ሰው ደግሞ በአያቱ ይጠራል። አንድ ሰው በሦስት መጽሔት ላይ ሦስት ሰው የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

አንድ የማስተርስ ተማሪ የቀደሙ ጥናቶች ዳሰሳው ላይ «የከበደ ጥናት የአበበን ግኝት ያጠናክራል» ብሎ ጽፎ አይቻለሁ። ትክክለኛ ስሙን ልተወውና፣ ሰውየው አበበ ከበደ ነው እንበል። ራሱን በራሱ ሲያጠናክር ገጽ ሙሉ ተተንትኖለታል! ይህን ፕሮግራም አያርመውም። የጽሑፉን የመጀመሪያ ገጽ ከፍቶ የደራሲውን ስም ማየት የተማሪው ሥራ ነው።

መፍትሄው ዞቴሮ ውስጥ እንጂ ዎርድ ውስጥ አይደለም። መዝገቡን ክፈቱ፤ ከደራሲው ስም ጎን ሁለቱን ሳጥኖች ወደ አንድ የሚያዋህድ ትንሽ ምልክት አለ፤ እሱን ተጫኑ። ከዚያ ስሙን ከነአባቱ በተፈጥሮ ቅደም ተከተሉ ጻፉት። ዎርድ ላይ ተመልሳችሁ «ሪፍሬሽ» ስትሉ ባሕሩ ዘውዴ ሙሉ ስማቸውን ይዘው ወደ «ቢ» ረድፍ ይመለሳሉ። ፈረንጅ ተባባሪ ደራሲ ካለ የእሱን አትንኩ። የአንዱን ደራሲ መዝገቦች በሙሉ በአንድ ዓይነት አስተካክሉ፤ ግማሹን ትታችሁ ግማሹን ካረማችሁ አሁንም ሁለት ሰው ነው። አጻጻፍም እንደዚሁ፦ ታደሰ በላቲን በአንድ «ዲ»ም በሁለት «ዲ»ም ይጻፋል፤ ዞቴሮ ዝምድናቸውን አያውቅም።

ይህን ሁሉ ከማድረጋችሁ በፊት የትምህርት ክፍላችሁን መመሪያ አንብቡ። በአባት ስም ጥቀሱ የሚል ካለ ክርክሩ ከእነሱ ጋር ነው።

ዝርዝሩን ዎርድ ላይ በእጅ አታርሙ። በሚቀጥለው እድሳት ድካማችሁ ሁሉ ይጠፋል። ሌሊቱን ሙሉ ስም ሲያገላብጥ አድሮ ጠዋት አንድ ጥቅስ ሲጨምር ሁሉም የተመለሰበት ሰው አውቃለሁ፤ የማስረከቢያው ቀንም ያው ዕለት ነበር።

የተሳሳተውን መዝገብ ሰርዛችሁ አዲስ አታስገቡ። ጽሑፋችሁ የተያያዘው ከአሮጌው ጋር ስለሆነ እርማቱ አይደርሰውም። ድርብ መዝገብ ካለ በማዋሃጃው አዋህዱት፤ ማያያዣው ያኔ አይበጠስም። ጓደኛችሁ ከራሱ ስብስብ ያስገባው ጥቅስም እናንተ የቱንም ያህል «ሪፍሬሽ» ብትሉ አይታረምም፤ ከእናንተ መዝገብ እንደገና አስገቡት።

ጥቅሶቹን ከዞቴሮ የሚያላቅቀውን «አንሊንክ» የሚለውን ቁልፍ ሥራው አልቆ፣ ያውም ቅጂው ላይ ካልሆነ አትንኩት። ሰነዱን በቴሌግራም ልካችሁ በስልክ ላይ ባለ ሌላ ማቀናበሪያ ከፍታችሁ አታስቀምጡት፤ ጥቅሶቹ ወደ ተራ ጽሑፍ ሊለወጡ ይችላሉ።

ከስሙ ቀጥሎ የሚያስቸግረው ዓመቱ ነው። በ2007 ዓ.ም. የታተመ የአማርኛ መጽሐፍ እንዳለ ከገባ፣ የውጭ አንባቢ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያስረጀዋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ለታተመው ሰባት፣ ከዚያ ወዲህ ላለው ስምንት ጨምሩ።

ፒዲኤፎቻችሁ ወደ ሌላው ኮምፒውተር መሻገር ካቆሙ ዞቴሮ በነጻ የሚሰጠው የ300 ሜጋባይት ማከማቻ ሞልቶ ሊሆን ይችላል፤ መዝገቦቹ ግን መመሳሰላቸውን ይቀጥላሉ።