ኤአይ በሎጂክ ነው የመለሰልኝ ወይስ በግምት? ቀላል መፈተሻ

መጀመሪያ ይቺን ራሳችሁ ሞክሯት። «አበባ ሁሉ ውሃ ይፈልጋል። ጽጌረዳ ውሃ ይፈልጋል። ስለዚህ ጽጌረዳ አበባ ነው።» ልክ ይመስላል አይደል? ግን በጽጌረዳ ቦታ ላም አስገቡበት፣ ላምም ውሃ ትፈልጋለች፣ ታዲያ አበባ ናት? መደምደሚያው እውነት መሆኑን ስለምናውቅ ብቻ ነው ዝም ብለን ያሳለፍነው እንጂ ከተሰጡት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አይወጣም። ኢቫንስ የሚባል የሳይኮሎጂ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 ይሄንን ዝንባሌ በደንብ አሳይተዋል።

ላንጉዌጅ ሞዴሎችም (እንደ ቻትጂፒቲ ያሉት ጽሑፍ የሚጽፉ ኤአይዎች) ከሰው ጽሑፍ ስለተማሩ ነው መሰለኝ እዚሁ ጋ ይሳሳታሉ። የዲፕማይንድ (የጉግል ኤአይ ድርጅት) ተመራማሪዎች በ2022 ባወጡት ጥናት ሞዴሎቹም መደምደሚያው የሚታመን ሲሆን «ልክ ነው» ወደማለት እንደሚያደሉ ታይቷል። ትልልቆቹ ሞዴሎች በእንዲህ አይነቱ ጥያቄ ከሰው የተሻሉበት ጥናትም አለ፣ ግን እነሱም አንዳንዱን የሰው ስህተት ይደግሙታል።

እንዴት ትፈትሹታላችሁ? መጀመሪያ የጽጌረዳዋን ጠይቁት፣ ከዛ ቃላቱን ትርጉም በሌላቸው ቃላት ቀይሩና በአዲስ ቻት ጠይቁት (በዛው ቻት ከሆነ የበፊቱን መልስ እያየ ነው የሚመልሰው)፦ «ዶንቢ ሁሉ ዚፉ አለው። ሌፖ ዚፉ አለው። ስለዚህ ሌፖ ዶንቢ ነው።» ቅርፁ ያው ነው፣ መልሱ ከተቀየረ ያኔ የፈረደው በሎጂክ ሳይሆን በይዘቱ ነው ማለት ነው።

ከዛ ገልብጡት። «የሚበር ሁሉ ወፍ ነው። አውሮፕላን ይበራል። ስለዚህ አውሮፕላን ወፍ ነው።» ይሄ በሎጂክ ልክ ነው፣ ውሸቱ ያለው መነሻው ላይ ነው። ግን «ልክ ነው?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁት፣ እውነት ነው ወይ ያላችሁት ሊመስለው ይችላል፣ ያ ደግሞ የሱ ጥፋት አይደለም። «የተሰጡት ሁለቱ እውነት ናቸው ብንል መደምደሚያው የግድ እውነት ይሆናል?» በሉት።

የዋሰን የካርድ ጥያቄ የሚባል ታዋቂ የሎጂክ ጥያቄ አለ፦ በአንድ በኩል ፊደል በሌላው በኩል ቁጥር ያለባቸው አራት ካርዶች ይሰጡና አንድ ሕግ መከበሩን ለማወቅ የትኞቹን መገልበጥ እንዳለባችሁ ይጠይቃል። እሱን እንዳለ አትስጡት፣ ከ1966 ጀምሮ ስንት ቦታ የተጻፈ ስለሆነ መልሱን ሸምድዶት ሊሆን ይችላል፤ ፊደሉንም ቁጥሩንም ሕጉንም ቀይሩ።

በጣም የምወደው ግን የመጨረሻው ነው፦ «ለምን?» ከማለት «መነሻዎቹ እውነት ሆነው መደምደሚያው ውሸት የሚሆንበት አንድ ምሳሌ አምጣ» በሉት። ለምን ካላችሁት ለተሳሳተውም መልስ ቆንጆ ምክንያት ይደረድርላችኋል፣ ምሳሌ ካመጣ ግን ላሟን እንዳስገባነው አስገብታችሁ ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ።