የድሮ የቀለም ብዕሮችን ብርቅ መልክ እንዴት መለየትና መሰብሰብ እንደሚቻል

በአማርኛ ስለዚህ ጉዳይ የሚጽፍን ሰው መጀመሪያ የሚያደናቅፈው «ቀለም» የሚለው ቃል ራሱ ነው። የምንጽፍበትም ቀለም ነው፤ የብዕሩ ቀፎ ቀይ ወይም አረንጓዴ መሆኑም ቀለም ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች «ቀለም» ስል የቀፎውንና የክዳኑን መልክ ማለቴ ሲሆን፣ የሚጻፍበትን ግን «የጽሕፈት ቀለም» እለዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ብዕር መሰብሰብ የጀመርሁት እዚሁ ደሴ ሲሆን፣ ከተማዋ ለዚህ ሥራ የማትመች አይደለችም። እስክሪብቶ ሁሉንም ከመውረሱ በፊት መምህሩ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛው፣ ነጋዴውና በፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፈው ራፖር ጸሐፊ በኮት ኪሳቸው የቀለም ብዕር ይሰኩ ነበር። ከእነዚያ ብዕሮች ጥቂት የማይባሉት ዛሬም በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ፣ ጊዜው ካለፈበት መታወቂያና ከቆመ የእጅ ሰዓት ጋር ተቀምጠዋል።

የመጀመሪያው ሥራ አንድ ሞዴል መርጦ እሱን ጠንቅቆ ማወቅ ነው፤ የተለመደውን ጠግቦ ያላየ ሰው ብርቁን ቢያገኘው እንኳ አያውቀውም። ለጀማሪ የምመክረው ፓርከር 51ን ነው። ፓርከር ኩባንያ የተመሠረተው በ1888 ሲሆን፣ ይህ ብዕር ስሙን ያገኘው ከኩባንያው 51ኛ ዓመት፣ ማለትም ከ1939 ነው፤ በስፋት ገበያ ላይ የዋለው ግን በ1941 ነው። ቀፎው የተሠራበት ሉሳይት የሚባል የአክሪሊክ ፕላስቲክ መልኩን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ ዛሬ በእጅዎ ይዘው የሚያዩት ቀለም ከፋብሪካ ሲወጣ ከነበረው ብዙም አይርቅም። ጥቁሩ፣ ቡርጋንዲ የሚሉት ጥቁር ቀይ፣ ሚድናይት ብሉ የሚሉት ጥቁር ሰማያዊና ኔቪ ግሬይ የሚሉት ግራጫ በብዛት የሚገኙ ናቸው። ብርቅ የሚባሉት ደግሞ የሰናፍጭ መልክ ያለው መስተርድ፣ ናሳው ግሪን የሚባለው ፈካ ያለ አረንጓዴ፣ እንዲሁም በ1940ዎቹ ማብቂያ ለአጭር ጊዜ ብቻ የተሠራው ፕለም ናቸው።

እዚህ ላይ ሁለት ብዕሮች ያሳስታሉ። ብዙ ሰው «51 ነው» ብሎ የሚያወጣልኝ ፓርከር 21 ሆኖ ይገኛል፤ ይህ በ1948 የወጣ ርካሽ ወንድሙ ሲሆን፣ ፕላስቲኩ ኒቡን፣ ማለትም የሚጽፈውን የብረት ጫፍ፣ በሚሸፍነው የፊት ክፍል አካባቢ ስንጥቅ ይወዳል፣ ኒቡም ወርቅ አይደለም። ሁለተኛው የቻይናው ሂሮ ነው። ለመጻፍ እንዲያውም እወደዋለሁ፤ ነገር ግን በላዩ የተቀረጸውን የቻይና ፊደል ሳያዩ በሩቁ ቢገዙት ጥፋቱ የእርስዎ ነው።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ሥራ፣ ማለትም ቀፎው ከምንና መቼ እንደተሠራ መለየት፣ አብረው ይሄዳሉ፤ አንዱ ሌላውን ይናገራልና። እስከ 1920ዎቹ አጋማሽ ድረስ ብዕር በአብዛኛው የሚሠራው ኢቦናይት ከሚባለው ጠንካራ ጎማ ነበር። ይህ ጎማ ከድኝ ጋር ተቀቅሎ የሚገኝ በመሆኑ የሚቀበለው መልክ ጥቂት ነው፤ ጥቁር፣ ቀይ፣ ወይም የሁለቱ ዝንጉርጉር። በ1921 የወጣውና በ7 ዶላር የተሸጠው ብርቱካናማ ቀይ ፓርከር ዱኦፎልድ ያን ያህል ዝና ያተረፈውም አብዛኛው ብዕር ጥቁር በነበረበት ዘመን ስለመጣ ነው። በ1924 ሼፈር የሚባለው ተፎካካሪ ኩባንያ ሴሉሎይድ ከሚባል የቀድሞ ፕላስቲክ አረንጓዴ ብዕር ሠርቶ አወጣ፤ ፓርከርም በ1926 ተከተለው። ከዚያ በኋላ ነው ጄድ አረንጓዴው፣ የላፒስ ሰማያዊውና ማንዳሪን የሚባለው ቢጫ የመጡት። ማንዳሪኑ በቀላሉ የሚሰነጠቅና የሚበላሽ ስለነበር ደህና ሆኖ የተረፈው ጥቂት ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው።

ቁሱን ለመለየት ቀፎውን በአውራ ጣትዎ እስኪሞቅ ድረስ ይሹትና ወዲያው ያሽትቱት። ኢቦናይት የድኝና የተቃጠለ ጎማ ሽታ ይሰጣል፤ ሴሉሎይድ የካምፎር፣ ማለትም የጉንፋን ቅባትን የሚመስል ሽታ አለው፤ አክሪሊክ ምንም አይሸትም። መርፌ አግሎ በቀፎው ላይ መሞከር የሚባለውን ዘዴ የሚመክርዎ ሰው ካለ አይስሙት፤ ሴሉሎይድ በቀላሉ በእሳት የሚያያዝ ነገር ነው። ዓመቱን በተመለከተ፣ በቀደሙት 51ዎች ቀፎ ላይ ከተቀረጸው ጽሑፍ አጠገብ አንድ አኃዝና ነጠብጣቦች ይገኛሉ። አኃዙ የዓመቱ መጨረሻ ቁጥር ሲሆን ነጠብጣቦቹ ሩብ ዓመቱን ያመለክታሉ። ጽሑፉ ስለሚደበዝዝ የሰዓት ሠሪ ማጉያ መነጽር ያስፈልግዎታል፤ ከዚህ ሌላ መሣሪያ ለጊዜው አይግዙ።

ቀጥሎ ብርሃን ነው። በሱቅ አምፖል ሥር ቀለም አይታይም፤ በተለይ ፕለምና ቡርጋንዲ በቢጫ መብራት መንትያ ይሆናሉ፤ በመስኮት አጠገብ ግን ፕለሙ ወደ ወይን ጠጅነት ያደላል፣ ቡርጋንዲውም ቀይነቱን ያወጣል። እኔ የምመርጠው የደሴን ማለዳ ነው፤ ከጦሳ የሚወርደው ጉም ከተማዋን ሲሸፍናት በመስኮት የሚገባው ብርሃን ለስላሳና ጥላ የማይጥል ስለሆነ፣ ብዕሩን በነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጦ ቀድሞ ከሚያውቁት ብዕር ጋር ማስተያየት ይቻላል። ሻጩ በስልክ ፎቶ የሚልክልዎ ከሆነ በነጭ ወረቀት ላይ አድርጎ፣ ከጎኑ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጦ እንዲያነሣው ይጠይቁት። የሳንቲሙን መልክ ያውቁታልና፣ ነጩ ክፍሉ ቢጫ ሆኖ ከመጣ ብዕሩም እንደዚያው ተዛብቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። ብርቅ የሚመስል ቀለም ከሁለት ቦታ ይመጣል፤ አንዱ ፋብሪካው ሲሆን ሌላው ዕድሜ ነው። ጥቁር ኢቦናይት ብርሃንና እርጥበት ሲፈራረቁበት ቡናማ ወይም የወይራ ፍሬ መልክ ይይዛል። ሴሉሎይድ ደግሞ በሆዱ የተቀመጠው የጽሕፈት ቀለም መያዣ ጎማ ለዓመታት ከሚያወጣው የድኝ ትነት የተነሣ ይጠቁራል፤ ጄድ አረንጓዴው ወደ ጭቃማ ቡናማ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱም ለውጦች አንዳንዴ በጣም እኩል ሆነው ስለሚሰራጩ፣ ያላወቀ ሰው ከፋብሪካ የወጣ የተለየ መልክ ያገኘ ይመስለዋል።

ያላወቀው ሰው እኔ ነበርሁ። ሰኞ ገበያ ላይ በጎኑ የጽሕፈት ቀለም የሚሞላበት ማንሻ ያለው፣ በዘይት የተቆላ ቡና የመሰለ ብዕር አየሁ። ሻጩ ወጣት «ጋሼ፣ ይህን መልክ ደግመው አያገኙትም» አለኝ፤ እኔም አምኜው ሳይሆን ራሴ አስቀድሜ አምኜ ስለነበር፣ ለሁለት ጥቁር ብዕሮች ይበቃ የነበረውን ገንዘብ ቆጥሬ ሰጠሁት። ቤት ገብቼ ማንሻውን በጥፍሬ ብድግ ሳደርገው፣ ከሥሩ ባለው ቦይ ውስጥ ቀጭን፣ የሚያንጸባርቅ ጥቁር መስመር ተጋድሞ ነበር። ማንሻው ለዓመታት ከብርሃን የጋረደው ያ መስመር የብዕሩ እውነተኛ መልክ ነበር፤ የቀረው ሁሉ የወየበ ጥቁር ነው። ልጁ አላታለለኝም፤ እሱም አያውቅም ነበር።

ስለዚህ ገንዘብ ከመቁጠርዎ በፊት ብርሃን፣ ላብና አቧራ ያልደረሱበትን ቦታ ፈልገው ይመልከቱ። በማንሻው ሥር፣ ብዕሩን ከኪስ ጋር በሚይዘው ክሊፕ ሥር፣ ክዳኑ በሚጠመዘዝበት የጥርስ ቦይ ውስጥ፣ እንዲሁም በክዳኑ አፍ ውስጠኛ ዳር። በክሊፑ ሥር ለማየት ክሊፑን አያንሡት፤ ይሰበራል፤ በስልክ መብራት ከጎን ማብራት ይበቃል። የተሸፈነው ቦታና የተጋለጠው አንድ ዓይነት ከሆኑ ቀለሙ የፋብሪካ የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው። በሴሉሎይድ ላይ ደግሞ ክዳኑን ከቀፎው ጋር ያስተያዩ፤ ጎማው ያለው በቀፎው ውስጥ ስለሆነ፣ ክዳኑ ፈክቶ ቀፎው ከጠቆረ ያዩት ብርቅ ቀለም ሳይሆን ጉዳት ነው። ይህ ጥቁረት ወደ ውስጥ የዘለቀ በመሆኑ በመወልወል አይመለስም፤ «አጸዳዋለሁ» ብለው ሙሉ ዋጋ አይክፈሉ። በተቃራኒው ደግሞ ከልክ በላይ የጠቆረ ኢቦናይት ካጋጠመዎት በነጭ ጥጥ ጫን ብለው ይሹት፤ ጥጡ ከጠቆረ አንድ ሰው በጫማ ቀለም አሳምሮታል።

ቀጣዩ የተዳቀለን ብዕር መለየት ነው። የ51 ቀፎና ኒቡን የሚሸፍነው የፊት ክፍል ከፋብሪካ ሲወጡ አንድ መልክ ነበራቸው፤ ስለዚህ ብርቅ ቀፎ ከጥቁር የፊት ክፍል ጋር ከመጣ የግማሽ ብዕር ዋጋ ይክፈሉ። የብረት ክዳን ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ስለሚዛወር ማስረጃ አይሆንም። የአሞላሉን ዘዴም ያስተያዩ፤ የቀደሙት 51ዎች በጅራታቸው የሚፈታ ትንሽ ክዳንና ከሥሩ የሚጫን ዘንግ ሲኖራቸው፣ ከ1948 ጀምሮ የመጡት ግን ቀፎው ሲፈታ በብረት ሽፋን ውስጥ ያለ የሚጨመቅ ቱቦ ይታይባቸዋል። ፕለም የተሠራው በ1940ዎቹ ማብቂያ ነውና፣ በጅራቱ የሚፈታ «ፕለም» ካቀረቡልዎ ወደ መስኮቱ ተመልሰው ደግመው ይመርምሩት።

የት ይገኛል ለሚለው፣ ሰኞ ገበያ፣ የፒያሳ ሰዓት ሠሪዎችና በየሰፈሩ የሚዞሩት ቁራሌዎች አሉ። ቁራሌ ጋር ስልክዎን ትተው አስቀድሞ እንዲያስቀምጥልዎ ማድረግ ገበያ ከመዞር ይሻላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሰው ቤት ነው። አንድ ጊዜ የአንድ መምህር ባለቤት የነበሩ እናት ቡና አፍልተው ከጠበቁኝ በኋላ፣ ከመሐረብ ፈትተው አንድ 51 አወጡልኝ። ጥቁር አረንጓዴ ነበር፤ የተለመደው። መስኮቱ ጋ ወስጄ ሳገላብጠው ዝም ብለው አዩኝና «የኔ ልጅ፣ የምትፈልገው የሚጽፈውን ነው መልኩን?» አሉኝ። «ሁለቱንም ነው እማማ» አልኋቸው። ብርቅ እንዳልሆነ፣ ግን ደህና ብዕር እንደሆነና በስንት እንደሚሸጥ ነገርኋቸው፤ መልሰው በመሐረባቸው ቋጠሩት። ባልገዛም፣ በኋላ ሁለት ጎረቤቶቻቸውን ወደ እኔ የላኩት እሳቸው ናቸው። ከቤተሰብ ሲገዙ የሚያውቁትን ዋጋ አይደብቁ። ስም የተቀረጸበትን ብዕርም ዋጋ ያወርዳል ብለው አይግፉት፤ ብዙ ሰብሳቢዎች አይወዱትም፤ እኔ ግን እመርጠዋለሁ።

ማጽዳትን በተመለከተ፣ አክሪሊኩን በቀዝቃዛ ውኃና በአንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ያጥቡት። አልኮል ሴሉሎይድንም አክሪሊክንም ይጎዳል፤ የጥርስ ሳሙና ይቧጭራል። ኢቦናይት ግን ውኃ አይንካው። ይህን የምለው የአባቴን ጥቁር ብዕር የደረቀ የጽሕፈት ቀለም ይለቅልኝ ብዬ በለብታ ውኃ ዘፍዝፌ ስላደርሁ ነው፤ ጠዋት ከብርጭቆው ሳወጣው ውኃው የደረሰበት ድረስ ካኪ፣ ከዚያ በላይ ጥቁር ሆኖ፣ ድንበሩ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ነበር። የኢቦናይት ብዕር የጽሕፈት ቀለም የሚወጣው ኒቡን ብቻ ውኃ ውስጥ በመንከርና ወዲያው በማድረቅ ነው።

ማስቀመጫው ጨለማ፣ ደረቅና አየር የሚገባበት ይሁን። የእንጨት ሣጥንና የጥጥ ጨርቅ ይበቃል፤ በፌስታል መጠቅለል ትነቱን ያፍናል። ሴሉሎይዱን ከኢቦናይቱ ይለዩ። ደሴ ቀዝቃዛ ስለሆነች በዚህ በኩል ትረዳለች፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ያለው ኮምቦልቻ ግን ሌላ አገር ነው። እዚያ የሚኖር ወዳጄ የሴሉሎይድ ብዕሩን በመኪና መስተዋት ሥር ትቶት ውሎ፣ ማታ እንደ ሙዝ ጎብጦ አግኝቶታል። የጽሕፈት ቀለም የተሞላ ብዕር ይዘው ከኮምቦልቻ በሐረጎ ወደ ደሴ ሲወጡም ኒቡን ወደ ላይ አድርገው ይያዙት፤ ከፍታው ሲጨምር በውስጡ ያለው አየር ስለሚሰፋ ክዳኑ ውስጥ ይተፋል።

በመጨረሻ ለእያንዳንዱ ብዕር በደብተር አንድ ገጽ ይስጡት። ሞዴሉን፣ በቀፎው ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ፣ የአሞላል ዘዴውን፣ ከማን እንደገዙት፣ እንዲሁም የቀለሙን ስም በሁለት መስመር ይጻፉ፤ በአንዱ በተጋለጠው ቦታ ያዩትን፣ በሌላው በክሊፑ ወይም በማንሻው ሥር ያዩትን። በእኔ ደብተር የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ቡናማ» የሚለው ተሰርዞ ከሥሩ «ጥቁር» ተብሎ ተጽፏል።