ቡሹ ይነቀነቃል፣ መንጠቆው ባዶ ይወጣል፦ ሐይቅ ላይ ለቆሮሶ የሠራው

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሐይቅ በተባለችው ከተማ አጠገብ ባለው ሐይቅ ዳር፣ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ለማጥመድ። ቡሹ (ክሩ ላይ ታስሮ ውኃ ላይ የሚንሳፈፈው) ሁለት ሦስት ጊዜ ንቅንቅ ይላል፤ ሲሳብ ትሉ የለም፣ ዓሣም የለም። ሦስት ቀን እንዲሁ አለቀ።

መጀመሪያ አሳሳቡ ተቀየረ፤ ቶሎ መሳብም ዘግይቶ መሳብም ለውጥ አላመጣም። ቀጥሎ ሙሉ ትል ተሰካ፤ ይሄ ጭራሽ ባሰ። የቆሮሶ አፍ ትንሽ ስለሆነ የተንጠለጠለውን ጫፍ ቆርጦ ይሄዳል። ሊጥ ደግሞ ውኃ ውስጥ ቶሎ ይሟሟል።

ለውጡ የጀመረው 4 ቁጥር መንጠቆ በ12 ሲተካ ነው። ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል፤ ሲገዛ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ትሉ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ፣ የመንጠቆው ሹል ትንሽ ብቅ ብሎ። የክሩ ውፍረት 0.20 ሚሊ ሜትር።

ግማሹ ጥፋት ግን የቡሹ ነበር። ከአሮጌ ሲሊፐር የተቆረጠ ወፍራም ቡሽ ወደ ላይ ስለሚገፋ ዓሣው ጉተታው ሲሰማው ትሉን ይተፋዋል። ቡሹ እንደ እርሳስ ቀጥኖ ተቆረጠ፤ ከመንጠቆው 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ክሩ ላይ ትንንሽ ክብደት ተጨመረ፣ ከቡሹ ከውኃው በላይ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ እስኪቀር ድረስ። አሁን ቡሹ እስኪሰምጥ አይጠበቅም፤ ወደ ጎን ሲንሸራተት ወይም ከፍ ሲል (ዓሣው ክብደቱን ሲያነሳው ማለት ነው) ዘንጉን በእጅ አንጓ ብቻ ቀና ማድረግ ይበቃል።

ትልቅ አምባዛ ከመጣ ግን ይህ ክር ይበጠሳል።