ላም «አበደች» ሲባል፦ ቫይረስ አመጣሽ የአንጎል ብግነት የተጠረጠረበትን ከብት ስለ መያዝ

ትናንት ስትግጥ የዋለች ላም ዛሬ ማለዳ መኖዋን ትታ፣ ማመንዠኳን አቁማ፣ ለሀጯን እያዝረበረበች ድምፅዋ እስኪዘጋ ስትጮኽ ከተገኘች፣ በብዙ መንደር መጀመሪያ የሚነገረው ድንች ወይም የበቆሎ ቆረቆንዳ ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሯል የሚለው ነው። አንዱ መንጋጋዋን ፈልቅቆ ይይዛል፤ ሌላው እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ወደ ጉሮሮዋ ይሰድዳል። የዚህ መመሪያ የመጀመሪያ ቃል ያ እጅ አይግባ የሚል ነው። በእብድ ውሻ በሽታ የተያዘ ከብት መዋጥ የሚያቅተው የጉሮሮው ጡንቻዎች ሽባ ስለሚሆኑ ነው፤ ስለዚህ ቁርጥ የታነቀ ይመስላል፤ ቫይረሱም የሚወጣው በዚያው በሚዝረበረበው ምራቅ ነው። አንጎሉ የታመመ የሚመስል ከብት ሁሉ ሌላ ሕመም መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ይህ በሽታ እንዳለበት ተቆጥሮ ይያዝ።

ከብቱን ከመንጋው ለይተው ጠንካራ በረት ውስጥ ያስገቡት፤ ልጆችንና ውሾችን ያርቁ። ቀጥሎ ያለፉትን ወራት ያስታውሱ፦ እንግዳ ውሻ፣ ቀበሮ ወይም ጅብ ወደ መንጋው ገብቶ ነበር? ቫይረሱ ከንክሻው ቦታ ተነሥቶ ነርቭን ተከትሎ ወደ ሕብለ ሰረሰርና ወደ አንጎል የሚጓዝ በመሆኑ፣ ከንክሻው እስከ ሕመሙ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያልፋሉ። ቁስሉ እስከዚያ ድኖ ጠባሳውም በፀጉር ተሸፍኖ ሊሆን ይችላልና፣ ጠባሳ አለመገኘቱ ማስረጃ አይሆንም።

ሁሉም ከብት ደግሞ አይቆጣም። አንዳንዱ ያገኘውን ሁሉ ሲወጋ ሌላው ፈዝዞ ይቆማል፤ የኋላ እግሮቹ ይከዱታል፣ ጭራው ይዝላል፣ ኩበት ለመጣል ደጋግሞ ያምጣል፣ ወተትም በድንገት ይነጥፋል። ባለቤቱን የሚያዘናጋው ይህ ዝምተኛው መልክ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ እንስሳው አብዛኛውን ጊዜ በ10 ቀናት ውስጥ ይሞታል፤ የሚያድነው መድኃኒት የለም።

የሚከብደው ውሳኔ የሚመጣው ላሟ ስትወድቅ ነው። «በክት ከመሆኗ በፊት እንረዳት» ማለት በአገራችን የተለመደ ነው፤ ለድሃ ገበሬ አንዲት ላም ምን እንደሆነች የሚያውቅ ሰው ይህን ሐሳብ አይንቅም። ነገር ግን ጭንቅላትንና አከርካሪን በመጥረቢያ መፍለጥ ቫይረሱ በብዛት የተከማቸበትን አካል እጅና ፊት ላይ መርጨት ነው፤ የዚህች ላም ሥጋ በጥሬም ሆነ ተቀቅሎ ለምግብ አይቅረብ። ወተቷም አይጠጣ። ሬሳው በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር ወይም ይቃጠል።

ላሟን ያለበ፣ በጠርሙስ መድኃኒት የጋተ፣ እጁን አፏ ውስጥ የከተተ ሰው ሁሉ ስሙ ይመዝገብ። ምራቅ ቁስሉን ወይም ዓይኑን የነካው ሰው ወዲያውኑ ይታጠብ፤ ቁስል ከሆነ በሳሙናና በብዙ ውኃ 15 ደቂቃ፣ ዓይን ከሆነ በንጹሕ ውኃ ብቻ። በዚያው ቀንም ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባት ይጀምር። ጸበል መጠመቅ የሚሻ ሰው ክትባቱን ሳያቋርጥ መጠመቅ ይችላል፤ የባህል መድኃኒት እየጠጡ ቀን መግፋት ግን ሕይወት ያስከፍላል፤ በሰውም ቢሆን ምልክቱ ከጀመረ በኋላ መመለሻ የለም ለማለት ይቻላል።

በሽታውን በእርግጠኝነት የሚለየው የአንጎል ምርመራ ብቻ ነው። ናሙናውን ክትባት የወሰደ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይውሰድ፤ የአንጎል ግንድና ሴሬቤለም የሚባለው ትንሹ አንጎል የግድ ያስፈልጋሉ፤ ስለዚህ እንስሳው ጭንቅላቱን ተመትቶ አይገደል። ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ሳይነከር በበረዶ ቀዝቅዞ፣ ፈሳሽ በማያስወጣ ድርብ መያዣ በፍጥነት ይላክ።

ሌሎች ቫይረሶችም አሉ። ከበግ ጋር አብረው በሚያድሩ ከብቶች ላይ የሚታየው የሄርፐስ ቫይረስ ትኩሳት በጎቹን ምንም ሳያሳምም ወደ ከብት ይተላለፋል፤ በምሥራቅ አፍሪካ ሜዳዎች ደግሞ የዚህ ቫይረስ ዘመድ ዊልደቢስት በምትባል በመንጋ የምትኖር የዱር እንስሳ በኩል፣ በምትወልድበት ጊዜ ይመጣል። ሙቀቱ እስከ 41 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይወጣል፣ ከአፍንጫ ወፍራም ፈሳሽ ይወርዳል፣ የዓይን ብሌን ከዳር ወደ መሐል እየነጣ ይሄዳል፤ ይህ የዓይን ንጣት በእብድ ውሻ በሽታ አይታይም። ከከብት ወደ ከብት ስለማይዛመት መፍትሔው በጎችን ለይቶ ማሳደር ነው። የከብት ሄርፐስ ቫይረስ 5 የተባለው ደግሞ በተለይ በአርጀንቲናና በብራዚል ጥጆችንና ወይፈኖችን ይጎዳል። «የእብድ ላም በሽታ» በስም ቢቀርብም ከዚህ ወገን አይደለም፤ በብሪታንያ በ1986 እ.ኤ.አ. የታወቀው ይህ ሕመም የሚመጣው ፕሪዮን ከሚባል የተበላሸ ፕሮቲን ነው፤ አንጎልንም ወንፊት ያስመስላል እንጂ ብግነት አያስነሣም።

ቫይረስ ያልሆኑትን ማስታወስ የሚጠቅመው አንዳንዶቹ ስለሚድኑ ነው። መዥገር የሚያስተላልፈው የልብ ውኃ በሽታ ከፍተኛ ትኩሳትና መንቀጥቀጥ ያመጣል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይረዳዋል። ሊስቴሪያ የተባለው ባክቴሪያ ከብቱን ወደ አንድ ወገን ያሽከረክረዋል፣ አንዱን ጆሮም ያንጠለጥለዋል። የተጣለ የመኪና ባትሪ የላሰ ከብት ደግሞ በእርሳስ ተመርዞ ይታወርና ግድግዳ ይገፋል። ባለሙያው መርፌ ልሞክር ቢል ትክክል ነው፤ ጓንት አድርጎ፣ አፏን ሳይነካ።

በተጠረጠረ እንስሳ የተነከሰና ገና ጤነኛ የሆነ ከብት ካለ፣ ቁስሉ በጓንት ይታጠብ፤ ይከተብ እንደሆነም ባለሙያው ይወስን። አስቀድሞ ያልተከተበ ከሆነ እስከ 6 ወር ተለይቶ ይጠበቅ፤ በእነዚህ ወራት አይሸጥ፣ ወደ ጋራ ግጦሽም አይውጣ። የቤቱ ውሻ ክትባት ካለፈበት በዚያው ሳምንት ይከተብ፤ በረት ሥር የተወለዱ ቡችሎችም አይዘለሉ።