«ስፓይደርማን 3»ን አትበድሉት፦ ጉድለት ያለበትን ፊልም ስናይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ቅዳሜ ማታ እኛ ቤት ፊልም ይታያል። የእህቴ ልጆች ይመጣሉ፣ ጎረቤት ይጨመራል፣ ፈንዲሻው ይፈነዳል። ደጋግመን ካየናቸው አንዱ «ስፓይደርማን 3» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው፣ ሳም ራይሚ ያዘጋጀው፣ ቶቢ ማጓየር ፒተርን፣ ማለትም ስፓይደርማንን፣ ሆኖ የሚሠራበት። ጉድለቱ ብዙ ነው። ሦስት ባላንጣ በአንድ ፊልም ታጭቋል፤ ሦስተኛውን፣ ቬነምን፣ በቅጡ ሳናውቀው ያልቃል። ራይሚ ራሱ ሁሉንም ገጸ ባሕርያት ከልቡ እንዳላመነባቸው ኋላ ላይ ተናግሯል። እኔ ግን ፊልሙን እወደዋለሁ። ከፊልሙ ጉድለት ይልቅ የሚያናድደኝ አዲስ ሰው ሲያየው የሚሠራው ስህተት ነው።

መጀመሪያ የሚመጣው «ስንት ፐርሰንት አመጣ?» የሚለው ጥያቄ ነው። የሐያስያንን አስተያየት የሚሰበስበው ድረ ገጽ፣ ሮተን ቶማቶስ፣ ላይ ከ60 ትንሽ ከፍ ያለ ነው ስትሉት ፊቱን ያጨማድዳል። ያ ቁጥር እኮ የፈተና ውጤት አይደለም። ከመቶ ሐያሲ ስንቱ በጥቅሉ እንደወደደው ነው የሚነግራችሁ። ሁሉም «ምንም አይልም» ብለው ያለፉት ፊልም 100 ሊያመጣ ይችላል። ግማሹ ያበደለት፣ ግማሹ የጠላው ደግሞ 50 ያመጣል። እኔ ብዙ ጊዜ የምወደው ይህን ሁለተኛውን ዓይነት ነው።

ከሦስተኛው አትጀምሩ። የ2002ቱንና የ2004ቱን አስቀድማችሁ እዩ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ስልክ።

ፊልሙ ሳይጋመስ አንድ ትዕይንት አለ። ፍሊንት ማርኮ ከእስር ቤት ያመለጠ ሰው ነው፤ የታመመች ሴት ልጅ አለችው። ፖሊስ ሲያባርረው የሳይንስ ሙከራ የሚካሄድበት ጉድጓድ ውስጥ ይወድቅና አካሉ ከአሸዋ ጋር ይቀላቀላል፤ ሳንድማን የሚባለው ባላንጣ እሱ ነው። ከዚያ አሸዋውን በቅርበት እናያለን። አንዲት ቅንጣት ትንቀሳቀሳለች። ሌላዋ ትከተላታለች። ክምሩ ቀስ ብሎ ይነሳል፤ ትከሻ ያወጣል፣ ፊት ያወጣል፣ ይፈርሳል። ደግሞ ይነሳል። የልጁ ፎቶ ያለበት የአንገት ሐብል ፊቱ ወድቋል። ሊያነሳው እጁን ይዘረጋል፤ ሐብሉን ሲነካ እጁ ይፈረፈራል። እንደገና ይሞክራል። በመጨረሻ እጁ ይጠነክርለትና ያነሳዋል። ከሁለት ደቂቃ በላይ አንድ ቃል አይነገርም። የክሪስቶፈር ያንግ ሙዚቃ ብቻ ነው ያለው።

ሰው ስልኩን የሚያወጣው በዚች ሰዓት ነው! ለምን? ማንም እያወራ ስላልሆነ። ንግግር ሲቆም ፊልሙም የቆመ ይመስለናል። ስንቴ አየሁ። ሶፋው ላይ አምስት ሰው ተቀምጦ የአራቱ ፊት በስልክ ብርሃን ይበራል። ትዕይንቱ ያልፍና «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ማነው?» ይባላል። የፊልሙ ልብ እኮ ነው ያመለጣችሁ! ከዚህ በኋላ ብር የጫነ መኪና ሲዘርፍ የምታዩት ተራ ሌባ ነው። ልጁን ለማሳከም የሚሮጠውን አባት አታዩትም። ፒተር መጨረሻ ላይ የሚለው ቃልም ከየት እንደመጣ አይገባችሁም። ከዚያ ተነስታችሁ «ባላንጣው ደካማ ነው» ትላላችሁ። አላያችሁትም!

እኔም አድርጌዋለሁ። መጀመሪያ ያየሁት ቀን መልእክት ስመልስ አለፈኝ። ከዚያ ለዓመታት «ሳንድማን ምኑም አይጥምም» ስል ኖርኩ። ያስተካከለችኝ የእህቴ ልጅ ናት። ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ቴሌቪዥኑ ሥር ቁጭ ብላ፣ ሳትዞር፣ «ልጁን መያዝ ፈልጎ ነው» አለች። አሁን ማንም ሲገባ ስልኩን በሩ አጠገብ ያለው ሰፌድ ላይ ያስቀምጣል።

በአማርኛ የተተረከውን ቅጂ መምረጥም ከዚሁ አይርቅም። ትረካ እወዳለሁ፤ እናቴ የውጭ ፊልም የለመደችው በትረካ ነው። ግን ተራኪ ዝም ሲል ተመልካች ድምፁ የተበላሸ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ተራኪው ዝም አይልም። አንድ ጊዜ ባገኘነው ቅጂ ያ የአሸዋ ትዕይንት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተወራበት። ለዚህ ፊልም ዋናውን ድምፅ ፈልጉ። እንግሊዝኛ ለማይገባቸው ትንንሾች አጠገባቸው የተቀመጠ ትልቅ ሰው ሹክ ይበላቸው።

መብራትም አጥፉ። የመጨረሻው ፍልሚያ በጨለማ ነው፤ አምፖል ስክሪኑ ላይ እያበራ ምንም አይታይም።

«እንዴት እንዲህ ይሆናል?» እያሉ ማየት ሌላው ነው። ከሰማይ የወደቀው ጥቁር ነገር ከኒውዮርክ ሕዝብ ሁሉ መርጦ ፒተር አጠገብ ያርፋል። አዎ፣ አይታመንም። ግን ታሪኩን ለማስነሳት የገባ አጋጣሚ ነውና እለፉት። እኔን የሚያመኝ ሌላ ነው። የፒተር ጓደኛ ሃሪ «አባቴን ስፓይደርማን ገደለው» ብሎ ከፊልም ፊልም ቂም ይዞ ኖሯል። ከዚያ የቤታቸው አገልጋይ ድንገት ብቅ ብሎ፣ የአባትየው ቁስል ከራሱ መሣሪያ የመጣ እንደነበር ይነግረዋል። ይህን ሁሉ ጊዜ የት ነበሩ፣ ሽማግሌው? ይህ አጋጣሚ አይደለም፤ የሃሪን ሐዘን ዋጋ ያሳጣዋል። በሉ እንጂ፣ እንናገረው። ብቻ ሲያልቅ ይሁን። ቡናው እንደሆነ ገና ይፈላል።

ጭፈራውን ከቲክቶክ ብቻ ያወቁ ደግሞ አሉ። ያ ጥቁር ነገር ተጣብቆበት ባሕርዩ የተለወጠው ፒተር ጥቁር ለብሶ፣ ጸጉሩን ግንባሩ ላይ ጥሎ፣ መንገድ ላይ እየተውረገረገ ይሄዳል። «አሪፍ ሊያስመስሉት ሞክረው አበላሹት» ይላሉ። ፊልሙ መቼ አሪፍ ነው አለ? አሪፍ ነኝ ያለው ፒተር ነው። የመንገደኞቹን ሴቶች ፊት እዩ። ቀጥሎ ጃዝ ቤት ገብቶ ፍቅረኛው የነበረችውን ሜሪ ጄንን ለማስቀናት ሌላ ሴት ይዞ ይጨፍራል። ጠብ ይነሳል። በጠቡ መሃል ሜሪ ጄንን ራሷን መትቶ ይጥላታል። ሳቁ እዚያ ላይ ይቆማል። እኛ ቤት በየጊዜው ክፍሉ ጸጥ የሚለው እዚህ ጋ ነው። ቅንጭቡ ላይ ይህ የለም።

ያልወደደውን ሰው በግድ አታስወድዱ። አንድ ጓደኛዬን እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተከራክሬ አደከምኩት፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ቅዳሜ አልመጣም።

የመጨረሻው ስህተት ቀድሞ መነሳት ነው። ፍልሚያው ሲያልቅ ሰው ጫማውን መፈለግ ይጀምራል። ገና ነው። ማርኮ ከፒተር ጋር ይነጋገራል፤ አጎቱን የገደለበት እሱ ቢሆንም ፒተር ይቅር ይለዋል፤ ሰውየው አሸዋ ሆኖ በነፋስ ይሄዳል። ከዚያ ፒተር ወደዚያው ጃዝ ቤት ይመለሳል። ሜሪ ጄን እየዘፈነች ነው። እጁን ይዘረጋላታል፣ ትይዘዋለች፣ ቀስ ብለው ይደንሳሉ። በረራ የለም፣ ሕንጻ የለም። ከስም ዝርዝሩ በኋላ የተደበቀ ትዕይንት ስለሌለ መጠበቅ አያስፈልግም። እስከዚያ ግን ተቀመጡ፣ መብራቱንም አታብሩት።