ደንባራ ላምን እንዴት እንግራ?

«ለደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ» የሚለው ተረት ለላምም ይሠራል። ላሟ ስትራገጥ እንጮኻለን፣ ስንጮኽ ይብስባታል፣ ሲብስባት ደግሞ እግሯን ጠፍረን እናስራለን። ከደብረ ብርሃን እስከ ጫጫ ባሉት የወተት በረቶች ይህን ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ወተት ግን በገመድ አይወርድም።

ጡቷ ሲታሸት ወይም ጥጃዋ ሲጠባት ከአንጎሏ ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን ይለቀቅና በደም በኩል ግቷ ይደርሳል፤ ወተቱን ገፍቶ የሚያወርደው እሱ ነው። ስትደነግጥ የሚመነጨው አድሬናሊን ይህን ሥራ ያግዳል። «ወተቷን ደበቀች» ብለን የምናማት ተንኮል ኖሮባት ሳይሆን ፈርታ ነው።

መጀመሪያ ፍርሃቱን ከሕመም ለዩ። ገራም የነበረች ላም ድንገት መራገጥ ከጀመረች ግቷን ዳስሱ። ቢያተኩስ፣ ቢያብጥ ወይም የመጀመሪያው ወተት የረጋ ነገር ቢኖርበት የጡት በሽታ ሊሆን ስለሚችል የእንስሳት ሐኪም አሳዩአት። በኅዳር ውርጭ የጡት ጫፍ ይሰነጠቃል፤ የአላቢው ጥፍርም ይቧጥጣል። ሕመም ከሌለ ፊቷን አንብቡ፦ የፈራች ላም የዓይኗ ነጭ በዝቶ ይታያል፣ ራሷን ቀና ታደርጋለች፣ ጭራዋን ትወሽቃለች፣ ቶሎ ቶሎም እበት ትጥላለች።

ቀጥሎ የምትቀርቡበትን አቅጣጫ አስተካክሉ። ዓይኖቿ በጎንና በጎን ስለሆኑ ዙሪያዋን ከሞላ ጎደል ታያለች፤ ከጭራዋ በስተኋላ ያለውን ግን አታይም። ስለዚህ በትከሻዋ በኩል፣ በዝግታ፣ እያናገራችኋት ቅረቡ። ልትሸሽ ስትሰናዳ ግማሽ እርምጃ አፈግፍጉ፤ ስትረጋ እንደገና ቅረቡ። ለመንዳትም ዱላ አያስፈልግም፤ ከትከሻዋ ወደ ኋላ ስትጠጓት ወደ ፊት ትራመዳለች፣ ከትከሻዋ ወደ ፊት ስትጠጓት ታፈገፍጋለች። ከፀሐይ ወደ ጨለማ በረት መግባት ካንገራገረች ጥቂት ታገሷት፤ ዓይኗ ጨለማውን እስኪለምድ ከእኛ የበለጠ ጊዜ ይወስድባታል።

ከዚያ በረቱን በእሷ ዓይንና ጆሮ መርምሩ። አንድ ክረምት ላሜ በገባሁ ቁጥር ትደነብር ነበር። ፉርሽካ ጨመርኩላት፣ ለመንኳት፣ ተቆጣኋት። ለካስ ከዝናቡ ለመሸሸግ የደረብኩት ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ነው የምትሸሸው። በር ላይ ሰቅዬው በጋቢዬ ብቻ ስገባ ያቺው ላም ቀጥ ብላ ታለበች። ቀጭን ድምፅ ከእኛ ይልቅ ለላም ይሰማታል፤ የሚንሲጠጥ የቆርቆሮ በር፣ ባልዲ ሲወረወር የሚያሰማው ኳኳታ፣ ፉጨት ሁሉ ያስበረግጋታል። ማጠፊያውን ዘይት ቀቡት፤ ከዚህ የረከሰ መድኃኒት የለም።

የአለባው ሥርዓት አይለዋወጥ፤ ሰዓቱም ቦታውም ያው ይሁን፣ ሰውም ቶሎ ቶሎ አይቀያየር። ለብ ባለ ውኃ ግቷን እጠቡና አድርቁ፣ ጡቷን ጥቂት አሹ፣ አንድ ደቂቃ ገደማ ሲሆን ማለብ ጀምሩ። የአበሻ ደም የሚበዛባት ከሆነች ጥጃዋን አስቀድማችሁ አጥቧት። ኦክሲቶሲን የሚያገለግለው ለጥቂት ደቂቃዎች ስለሆነ መሐል ላይ ወሬ አታብዙ። ከደነገጠች ግን መታገሉን ትታችሁ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አሳርፏት። ላም ሰው ትለያለች፤ በመርፌ ሲወጓት የያዛት ሰው ማታ ሊያልባት ቢመጣ አትረሳው ይሆናል፣ ስለዚህ ሌላ ሰው ይያዛት።

ጊደር ከሆነች ሥራው ከመውለዷ አንድ ወር ገደማ በፊት ይጀመር። በየቀኑ ማለቢያው ቦታ አምጥታችሁ ፉርሽካ አቅምሷት፤ ጀርባዋን፣ ሆዷን፣ በመጨረሻም ግቷን ዳብሱ። አሥር ደቂቃ ይበቃል። በወለደች ሰሞን ጥጃዋን ለመጠበቅ ብላ ብትከፋ አትፍረዱባት፤ በእሷና በጥጃዋ መካከል ግን አትግቡ።

ኮርማ ግን ሌላ ነው። በእጃችሁ ያደገ፣ እንደ ልጅ የሚከተላችሁ ኮርማ ሰውን ስለማይፈራ ይበልጥ አደገኛ ሊሆን ይችላል፤ ጀርባችሁን አትስጡት። ጠባይ በከፊል ስለሚወረስም ምንም ቢደረግ አልገራ ካለች ላም የተወለደ ወይፈን ለዘር አይቀመጥ።

መግራቱ የሠመረ እንደሆነ የምታውቁት በአፏ ነው። የተረጋጋች ላም እየታለበች ታመነዥካለች። ድንገት ማመንዠኳን አቁማ ጆሮዋን ካቆመች፣ እጃችሁን አሳርፉና ማን እንደገባ ወደ በሩ ተመልከቱ።